«ይገጥማል» የተባለው ፎርክ ስንት ያስወጣል?

በሞተር ሳይክል መለዋወጫ ንግድ ውስጥ ብዙ ብር ያንቀሳቀሰም ብዙ ብር ያከሰረም አንድ ቃል ቢኖር «ይገጥማል» የሚለው ነው። የቦክሰሩ ፎርክ ለሊፋኑ ይገጥማል፤ የቻይናው ለያማሃው ይገጥማል፤ ቶርኖ ቤት ትንሽ ነካ ካደረጉት ይገጥማል። ገዢው አምኖ ከፍሎ ይሄዳል። ሻጩም ዋሸ አይባልም፤ ምክንያቱም በመጨረሻ የማይገጥም ነገር ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚገጥመው በስንት ብር፣ በስንት የሥራ ቀንና በማን አደጋ ነው የሚለው ነው።

ጥያቄው ክብደት የሚያገኘው እንደ ደምበጫ ባሉ ከተሞች ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ የሚሻገረው አስፋልት ደብረ ማርቆስንና አማኑኤልን አልፎ ደምበጫ ይገባል፤ ከዚያም በጅጋና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ቡሬ ይቀጥላል። ከተማዋ በዋናው መንገድ ላይ ብትሆንም የሞተር ሳይክሉ እንጀራ ግን አስፋልቱ ላይ አይደለም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት በተባለው ፕሮግራም ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ለማገናኘት የተሠሩት የጠጠር መንገዶች ለአውቶቡስ የማይመቹ ቢሆኑም ለሞተር በር ከፍተዋል። ሰው ከነጓዙ፣ ጤፍ ከነጆንያው፣ ማዳበሪያ ከነከረጢቱ በሁለት ጎማ ይጓዛል። በዚህ መንገድ ላይ ከሞተሩ አካል ቀድሞ የሚያልቀው ደግሞ የፊት ፎርኩ ነው፤ ብዙዎች «የፊት ሾክ» የሚሉት ማለት ነው።

ፎርኩ ሲያልቅ ባለሞተሩ ሦስት ምርጫ አለው፦ የራሱን ሞዴል ኦሪጅናል ፈልጎ መግዛት፣ የዚያኑ ሞዴል ኮፒ መግዛት ወይም ከሌላ ሞዴል ፈትቶ መግጠም። ሦስተኛው ምርጫ የድሃ ብልሃት መስሎ ቢታይም የገበያው ሁኔታ የወለደው ነው።

አንደኛው ምክንያት ምንዛሪ ነው። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። በዚያን ቀን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ130 ብር አለፈ። ለስሌት ያህል፣ በ60 ዶላር የሚገዛ አንድ ጥንድ ፎርክ ቀረጥና መጓጓዣ ሳይታሰብበት 3,420 ብር የነበረው 7,800 ብር ሆነ ማለት ነው። በእርግጥ በባንክ ዶላር ያላገኘው አስመጪ ቀድሞም ዕቃውን የሚተምነው በትይዩው ገበያ ሒሳብ ስለነበር የሱቁ ዋጋ በአንድ ሌሊት ይህን ያህል ዘሏል ማለት አይደለም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲወደድ ያገለገለ ዕቃ ይፈለጋል።

ሁለተኛው ምክንያት መንገድ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ በግጭቱ የተነሳ የጎጃም መስመር እየተዘጋና እየተከፈተ ቆይቷል። ከመርካቶ የታዘዘ ዕቃ የሚደርስበት ቀን ካልታወቀ የቆመ ሞተር በየቀኑ ገቢ ያሳጣል። እዚያው ከተማ ውስጥ ያለ የሌላ ሞዴል ፎርክ፣ ገና ያልደረሰውን ትክክለኛ ፎርክ በዚህ ይበልጠዋል።

ሁለት እግር ብቻ አይደለም

ብዙው ኪሳራ የሚጀምረው ፎርክ ማለት ሁለት ቱቦ ማለት ነው ብሎ ከማሰብ ነው። እያንዳንዱ እግር ውስጠኛ ቱቦ፣ ቱቦው የሚንሸራተትበት የታችኛው እግር፣ ሞላ፣ ዘይትና ዘይቱን የሚይዝ ጎሚኒ አለው። ሁለቱን እግሮች የላይኛውና የታችኛው ማቀፊያ አንድ ያደርጓቸዋል። ከታችኛው ማቀፊያ ወደ ላይ የሚወጣው ዘንግ በሻንሲው አንገት ውስጥ ገብቶ በሁለት ኩሽኔታ ላይ ይዞራል፤ መሪው የሚዞረው በዚህ ነው። ከታች ደግሞ ፔርኖው፣ ጎማውና ፍሬኑ አሉ። ስለዚህ «ይገጥማል ወይ» የሚለው ጥያቄ አንድ ሳይሆን ቢያንስ አምስት ጥያቄ ነው፤ ዘንጉ በአንገቱ ውስጥ በርዝመትም በውፍረትም ልክ ነው ወይ፣ ቱቦው ማቀፊያው ውስጥ ይገባል ወይ፣ የእግሩ ርዝመት ከቀድሞው ጋር ይቀራረባል ወይ፣ ፔርኖውና የጎማው ስፋት ይስማማል ወይ፣ ፍሬኑስ የሚታሰርበት አለው ወይ።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻ «የለም» ከተባለ ወጪው ይንከባለላል። ስሌቱን ለማየት ለሞተሩ የተሠራው ሙሉ ፎርክ ከነማቀፊያው 100 ያወጣል እንበል፤ ቁጥሩ የገበያ ዋጋ ሳይሆን መለኪያ ነው። ከሌላ ሞዴል የተፈቱት ሁለት እግሮች በ55 ተገኙ። ግማሽ ያህሉ ተረፈ ይባላል። ቱቦው 30 ሚሊ ሜትር፣ የቀድሞው ማቀፊያ ግን ለ27 የተሠራ ሆኖ ተገኘና ማቀፊያው በ15 ተገዛ። የማቀፊያው ዘንግ ለአንገቱ አጭር ሆነ፤ ቶርኖ ቤትና ኩሽኔታ 12 ወሰዱ። ፔርኖው ስለማይገባ ጎማው ከነቸርኬውና ከነታምቡሩ በ25 ተቀየረ። ድምሩ 107 ነው። ሞተሩ ቆሞ የዋለበት ቀን ገና አልተቆጠረም።

ቅያሪው መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። ሒሳቡ የሚያዋጣው ሙሉው ፊት፣ ማለትም ማቀፊያው፣ ሁለቱ እግር፣ ፔርኖው፣ ጎማውና ፍሬኑ በአንድ ላይ ከአንድ ሞተር ሲገዛ ነው። በዚያ ጊዜ ከአምስቱ ጥያቄዎች ሦስቱ በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ፤ የሚቀሩት የአንገቱ ጉዳይና የእግሩ ርዝመት ናቸው። እግር እየነጠሉ የሚሸጡ ነጋዴዎች በአጭር ጊዜ የተሻለ ያተርፋሉ፤ ሙሉ ፊት የሚሸጠው ግን «መልስ» አይመጣበትም።

በመንገድ ላይ ካሉት ሞተሮች አንዳንዶቹ ለዚህ ዐይነቱ ቅያሪ የተመቹ ናቸው። ቦክሰር ለቦክሰር፣ የተለያየ ዓመት ምርት ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጥቂት ነው። ለማያውቅ ሰው ለመጠቆም፣ ባጃጅ ሲባል ሦስት እግሩ ቢታሰብም ቦክሰርም የዚያው የሕንድ ኩባንያ ልጅ ነው። በልዩ ልዩ ስም የሚገቡት የቻይና ሞተሮች ደግሞ ብዙዎቹ ሆንዳ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ያወጣው ሲጂ 125 የተባለው ሞዴል ቅጂዎች በመሆናቸው ታንኩ ላይ ያለው ስም ቢለያይም ልካቸው ይቀራረባል። በተቃራኒው ለግብርናና ለጤና ሠራተኞች ይሰጥ የነበረው ባለ ሁለት ምቱ ያማሃ ኤጂ 100 ጎበዝ ሞተር ቢሆንም የራሱን ፎርክ አዲስ ሆኖ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለእርሱ ከሌላ ሞዴል መዋስ ከምርጫ ይልቅ ግዴታ ይሆናል።

ዐይን የማያየው 15 ሚሊ ሜትር

በጥሩ ቶርኖ ሠራተኛ እጅ ሁሉም ነገር ሊገባ፣ ሊታሰርና ሊዞር ይችላል። ሞተሩ ግን ያኔም ላይነዳ ይችላል። ምክንያቱ ለማስረዳት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የመሪው ዘንግ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ወደ ኋላ ጋደል ይላል። ዘንጉን በሐሳብ እስከ መሬት ቢያስረዝሙት መሬቱን የሚነካው ጎማው ከሚረግጥበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ባለሙያዎች «ትሬይል» ይሉታል። የሆስፒታል አልጋ ሲገፋ ትንንሾቹ ጎማዎች ራሳቸውን ወደ ኋላ አዙረው እንደሚከተሉት ሁሉ፣ የሞተርም የፊት ጎማ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የሚያደርገው ይህ ርቀት ነው። ሲበዛ መሪው ይከብዳል፤ ሲያንስ መሪው ይቀልና በፍጥነት ላይ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

ይህን ርቀት ከሚወስኑት አንዱ ማቀፊያው ነው፤ ሁለቱን እግሮች ከዘንጉ ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚያርቃቸው። የጎማው ግማሽ ስፋት 300 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ጋደላ 26 ዲግሪ፣ የማቀፊያው ርቀት 55 ሚሊ ሜትር በሆነ ሞተር ላይ ትሬይሉ 85 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከሌላ ሞዴል የመጣው ማቀፊያ 70 ቢሆን ትሬይሉ ወደ 68 ይወርዳል፤ 40 ቢሆን ወደ 102 ይወጣል። ከጣት ውፍረት የማይበልጥ የ15 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሞተሩን ሌላ ሞተር ያደርገዋል ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚለካ ሰው ብርቅ ነው፤ ሁለቱን ማቀፊያዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ በማስመሪያ ማየት ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የእግሩ ርዝመትም እንዲሁ ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 1,280 ሚሊ ሜትር ያህል ያለው ሞተር ላይ 30 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ፎርክ ቢገጠም ጋደላው ከ1 ዲግሪ በላይ ይጨምራል፤ መሪው ይከብዳል፤ የፊት መብራቱ የዛፍ ጫፍ ያበራል፤ ሞተሩም በመቆሚያው ላይ ከመጠን በላይ ያዘነብላል። በአጭሩ ከተተካ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ከጭቃ መከላከያው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ቱቦዎቹን በማቀፊያው ውስጥ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ የተወሰነውን ማስተካከል ይቻላል፤ ሁለቱ እግሮች እኩል እስከሆኑ ድረስ።

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ አስፋልት የሚነገር ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በጠጠር መንገድ ነጂው፣ ሁለት ተሳፋሪና አንድ ጆንያ ሲጫኑ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የፊት ጎማው ይቀላል። ትሬይሉ የቀነሰ ሞተር በዚህ ጭነት ላይ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከደጋ ዳሞት ከፍታዎች ወደ ደምበጫ ሲወረድ ደግሞ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚሸከመው ያው ፎርክ ነው።

ጥንካሬን በተመለከተ ወፍራም ቱቦ ጥቅም አለው። በተመሳሳይ የግድግዳ ውፍረት፣ ከ27 ወደ 30 ሚሊ ሜትር መሄድ ቱቦው መተጣጠፍን የሚቋቋምበትን አቅም ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምረዋል። ስለዚህ ከትንሽ ሞተር ወደ ትልቅ ሞተር የሚሄድ ፎርክ መቼም አይመከርም፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ ግን ከተለካ ያስኬዳል። ቀጭን ቱቦ በሰፊ ማቀፊያ ውስጥ በቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ፣ አንዳንድ ቦታ የሚታይ ቢሆንም፣ ቅያሪ ሳይሆን ቁማር ነው።

ፍሬኑ ላይ ያለችው ጆሮ

ከሁሉም ጥያቄዎች ሕይወት የሚያስከፍለው የፍሬኑ ነው። በታምቡር ፍሬን ሸራውን የሚይዘው ሳህን ከጎማው ጋር እንዳይዞር የሚያግደው ከፎርኩ እግር ላይ የወጣች ትንሽ ጆሮ ናት። ሳህኑ ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ፎርኩ ተቀይሮ ጎማው የድሮው ሲሆን ጆሮዋና ጎድጓዳው ላይገናኙ ይችላሉ፤ ለዲስክ ፍሬን የተሠራ እግር ደግሞ ጆሮዋን ጨርሶ ላይኖረው ይችላል። ጋራዥ ውስጥ ጎማው ሲሽከረከር ምንም አይታይም። መንገድ ላይ ፍሬን በተያዘ ቅጽበት ግን ሳህኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ገመዱን ይጠቀልላል፤ ጎማውን ያንቃል፤ ነጂው በመሪው ላይ ይወረወራል።

ዲስክ ፍሬን ያለው ፎርክ የሚገዛ ሰው እግሩን ብቻ ከገዛ ያልጨረሰ ግዢ ነው የገዛው። ካሊፐሩ፣ ቱቦው፣ መሪው ላይ የሚታሰረው የዘይት ፓምፕና ዲስኩ ያለበት ጎማ አብረው መምጣት አለባቸው።

ሌላው የብየዳ ጉዳይ ነው። አጭር ዘንግን በብየዳ ማስረዘም ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በብየዳው ሙቀት ዙሪያ ያለው ብረት ጠባዩን ይለውጣል፤ የሚሰበረውም እዚያው ጎን ነው። ትክክለኛው መንገድ የራሱን የሞተሩን ዘንግ ከድሮው ማቀፊያ በፕሬስ አውጥቶ ወደ አዲሱ ማቀፊያ በፕሬስ ማስገባት፣ ልኩ ካልሆነም ቀለበት በቶርኖ አውጥቶ ማጥበቅ ነው። በውጭ አገር ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ኦል ቦልስ ሬሲንግ የተባለው የአሜሪካ ኩሽኔታ አቅራቢ የየሞዴሉን የዘንግ ልክ ዘርዝሮ፣ የአንዱን ፎርክ በሌላው አንገት ውስጥ የሚያስገቡ ኩሽኔታዎችን በዝርዝር ይሸጣል። ኩሽኔታ ደግሞ በውጭና በውስጥ ስፋቱ የሚታወቅ የዓለም ዕቃ ነው። አንድ የደምበጫ ወይም የደብረ ማርቆስ ነጋዴ የአንገቱን ስፋትና የዘንጉን ውፍረት በካሊፐር ለክቶ ቢያዝ «የቦክሰር» ወይም «የቲቪኤስ» ብሎ ከማዘዝ በርካሽ ሊያገኘው ይችላል።

ደላላው የሚጠየቀው

ያገለገለ ፎርክ ሲገዛ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «የመጣበት ሞተር ምን ሆኖ ተፈታ?» የሚለው ነው። ለመፈታት ከሚበቁ ሞተሮች ብዙዎቹ ተጋጭተው የመጡ ናቸው፤ በግጭት ቀድሞ የሚጣመመው ደግሞ የፊት ፎርኩ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የነደደበት ወይም ከኋላ የተመታ ሞተር ፎርክ፣ ቀለሙ ቢበላም፣ ከፊት ተመቶ ከተወለወለው የተሻለ ዋጋ ይገባዋል። ቱቦውን በመስታወት ላይ ማንከባለል ጥምዝን ያሳያል፤ ብርሃን ከሥሩ ካለፈ ጠሟል። ኒኬሉ ላይ ያለች የዝገት ጉድጓድ በጥፍር ከተሰማች ደግሞ አዲስ ጎሚኒ በየወሩ ትበላለች።

ሙሉ ሞተር ለሚገዛና ለሚያገበያይ ሰው ሌላ ጉዳይ አለ። ሊብሬው ላይ የሚሰፍሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥር ናቸው፤ የሻንሲው ቁጥር የሚታተመው ብዙ ጊዜ አንገቱ ላይ እንጂ ፎርኩ ላይ አይደለም። ስለዚህ ፊቱ ሙሉ በሙሉ የተቀየረ ሞተር በወረቀት ንጹሕ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ምልክቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የመሪው ቁልፍ አይቆልፍም ወይም ሌላ ቁልፍ ይፈልጋል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር እግሩ ታንኩን ይነካል፤ ማቆሚያው ከሻንሲው ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቆሟል ወይም ሒሳቡ ተዛብቷል፤ በብዙዎቹ ርካሽ ሞተሮች ቆጣሪው የሚነዳው ከፊት ጎማው ነውና። ለ17 ኢንች የተሠራ ቆጣሪ 18 ኢንች ጎማ ላይ ሲሠራ ከ1,000 ኪሎ ሜትር 40 ያህሉን አይቆጥርም። የቆመ ቆጣሪ ያለው ሞተር «ብዙ አልተነዳም» ተብሎ ሲሸጥ ልዩነቱ ከ40 ኪሎ ሜትር እጅግ ይሰፋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጩን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። በሽያጭ ውሉ ላይ «የፊት ፎርኩ ከዚህ ሞዴል የተቀየረ ነው» የምትል አንዲት መስመር መጻፍ ዋጋውን ትንሽ ልትቀንስ ትችላለች። ሳትጻፍ ቀርታ በኋላ ከተገኘች ግን ክርክሩ የሚመጣው ከሽያጩ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደላላው ኮሚሽኑን በልቶ ሄዷል፤ ሻጩና ገዢው ብቻ ይቀራሉ።

ቅያሪው ተጠናቆ ሞተሩ ከጋራዥ ሲወጣ ደግሞ መጀመሪያ ያለ ተሳፋሪ፣ ያለ ጭነት፣ በዝግታ መንዳት ያስፈልጋል። ከዚያ ሜዳ ላይ የፊት ፍሬኑን ደጋግሞ መያዝ፣ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻ ማዞር፣ ገመዶቹ የማይወጠሩ መሆናቸውን ማየት፣ በማግስቱም የማቀፊያውንና የፔርኖውን ቡሎኖች እንደገና ማጥበቅ ነው። በሁለቱ እግር ውስጥ ያለው የዘይት መጠንም እኩል መሆን አለበት፤ የሞተር ዘይት የጨመረበት መካኒክ ካለ አስቀድሞ ማስቀዳት ይሻላል።